የክርስትና ወንድሜ

በደርግ ጊዜ ወልድያ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ላሊበላ በእግር እንመለስ ነበር። እኔን የሚያደርሰኝ የክርስትና ወንድሜ ነው። እናቱ ክርስትና አንስታኛለች ተብሎ ስላደግን ወላጆቻችን አብረን መንገድ ስንወጣ አንድም ቀን አልሰጉም። በክርስትና ዘመድ የሆነ ሰው አይጋባም፤ ነገሩ ያለቀ ነበር።

የመጨረሻው ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ ዳሩ ላይ ቆምን። ውሃው እስኪጎድል አንድ ጋቢ ለብሰን ስንጠብቅ፣ «ሌላ ሰው ሲያገባሽ እንዴት ነው የምችለው?» አለኝ። እኔም እንደማልችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ፍልሰታ ተፈትቶ አሸንድዬ ገባ። አሸንድዬ የሚባለውን ሣር ወገባችን ላይ አስረን፣ ከበሮ ይዘን ከቤት ወደ ቤት እየጨፈርን ዞርን። እሱ ከወንዶቹ ጋር ራቅ ብሎ ይከተለናል። ከገነተ ማርያም መጥተው እኛ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ደጅ ስንደርስ፣ እጄን ያዙና በአገጫቸው ወደ እሱ አመለከቱ።

«ያ ጎረምሳ ዓይኑን ካንቺ ላይ አላነሳም። ሽማግሌ የሚልከው ሲሸብት ነው?»

«ኧረ እማማ፣ የክርስትና ወንድሜ ነው!»

«ማን አንስቶሽ?»

«እናቱ ናቸዋ።»

አሮጊቷ ሳቁ። «እሷማ በሰማንያ ቀንሽ ደጀ ሰላሙ ጋ ስትደርስ ግዳጅ፣ የወር አበባዋ፣ መጣባትና ውጭ ቀረች። ከቄሱ እጅ የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ። ድግሱ በሷ ስም ተደግሶ ስለነበር እሷና እናትሽ አትናገሪ አሉኝ፣ ዝም አልኩ። እስካሁን አልነገሩሽም እንዴ?»

ከበሮውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ወደ ቤት ሮጥሁ። መንገዱን ሁሉ ደስታ ይዞኝ ነበር። እናቴ ገብስ ታበጥር ነበር። የሰማሁትን ስነግራት ሰፌዱን እንኳ አላስቀመጠችም።

«እውነት ነው» አለች። «ታዲያ ምን ይሁን?»

«ምን ይሁን? መጋባት እንችላለን ማለት ነዋ! ሄደሽ ለነፍስ አባታችን ንገሪ።»

«አንቺ ተወልደሽ እስክታድጊ ክርስትና ልጄ ስትል የኖረችን ሴት ባገር ፊት ውሸታም ላድርጋት? ያውም በእንዲህ ያለ ጉድ?»

«እኔስ እማዬ?»

«አንቺ ሌላ ባል ታገኛለሽ። እኔ ሌላ ጓደኛ ከየት አመጣለሁ?»

ይህን ያለችው ረጋ ብላ ነው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የያዘችውን ሰፌድ ነጥቄ ደጅ ወረወርሁት። በሕይወቴ በእናቴ ፊት እጄን ያነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬም አልጸጸትም።

እሱ ግን አለልኝ ብዬ ነበር። ወልድያ በውይይት ክበብ ተነስቶ አሮጌ ልማድ ይፈራርስ እያለ ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋ ነበር። በማግስቱ የቤታቸው አጥር ሥር አገኘሁት። እናቴ ለእናቱ ነግራ፣ እሱም ከእናቱ ሰምቷል።

«አለቀሰች» አለ፤ መሬት መሬቱን እያየ። «ግዳጅ መጣብኝ ብላ በሽማግሌ ፊት ትናገር? ትሞታለች።»

«አትሞትም። ታፍራለች። አፍራ ትተወዋለች።»

«እናቴ ናት እኮ።»

«በስብሰባው ላይ ልማድ ይፈራርስ የሚለው ማን ነበር?»

«ያ ሌላ ነው።» ከዚያ እጄን ሊይዝ እየሞከረ፣ «ምንም ቢሆን እኔ ያው ወንድምሽ ነኝ» አለ።

እጄን ሰብስቤ ትቼው ሄድሁ። ሁለት እናቶች ለአንድ ቀን እንዳያፍሩ ብለው የእኔን ዕድሜ እንደሸጡት እሱም ያውቅ ነበር። እያወቀ ፈረመበት። ከእነሱ ይልቅ የተናደድሁት በእሱ ነው። እነሱ የሚወዱትን ጠበቁ፤ እሱ እወድሻለሁ ያላትን አሳልፎ ሰጠ።

ትምህርት ሊከፈት ሲል እናቴ፣ «ከወንድምሽ ጋር ውረጂ» ብላ ስንቄን ቋጠረች። ስንቁን ተቀበልሁና ማንንም ሳልሰናበት በዋዜማው ከበቅሎ ነጂዎች ጋር ተነሳሁ። ኩልመስክን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ከኋላ ስሜን የሚጠራ ድምፅ ሰማን። ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እያለከለከ ደረሰብን።

«ምነው ጥለሽኝ? አብረን እንሂድ እንጂ፣ እንደ ድሮው።»

አንዱ ነጂ በቅሎውን አቆመና ወደ እኔ ዞረ። «እሙዬ፣ ወንድምሽ ነው? እንጠብቀው?»

«አይደለም» አልሁ። «ምኔም አይደለም። ንዱ።»

ነጂው አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየና በቅሎውን መታ። እሱ እዚያው ዳገቱ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እኔም ዞሬ አላየሁትም።