ሶሉ ያለቀበት በኩል

ቃሊቲ ወዳለ አንድ ክሊኒክ የመጡት የመጋዘን ዘበኛ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ካልሲያቸውን ያወለቁት ወደ ግድግዳ ዞረው ነው። የግራ አውራ ጣታቸው ሥር ያለው አጥንት ወደ ጎን አፈንግጦ ወጥቷል፤ ቀዶ ጥገና ተወስኗል።

ግን የቱ አጥንት ይቆረጥ? ደስ የሚለው ጥያቄ ይሄ ነው። መርማሪዋ ሶሊያና እብጠቱን ብቻ አታይም፤ ጣቱን ታጥፋለች፣ ቁርጭምጭሚቱን ታዞራለች፣ በሽተኛውን ታስኬዳለች። ቀዶ ሐኪሙ የሚቆርጠውን የሚመርጠው እሷ ከምትጽፈው፣ ክብደቱ እግሩ ላይ የት እንደሚያርፍ አውቆ ነው።

ዘበኛው ደረታቸውን ነፍተው ተራመዱ። ማነከሳቸውን ሰው እንዳያውቅ ዓመታት የለመዱት አረማመድ ነው።

"ሰልፍ ላይ ነን እንዴ፣ ጋሼ?" ሶሊያና ሳቀችና ጫማቸውን ገለበጠች። "እርስዎ ቢደብቁኝም ሶሉ አይደብቀኝም። ያለቀው በውጭ በኩል ነው።" መጻፍ ጀመረች።

ዘበኛው ብዕሯን አዩ። ዝም ካሉ ያላጠፋ አጥንት ሊቆረጥ ነው።

"ልጄ፣ ጫማው የጎረቤቴ ነው" አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። "በራሴ ጫማ መምጣት አፍሬ ነው።"

ለመልስ መንገድ በፌስታል የያዙትን የራሳቸውን ጫማ አወጡ። ጎኑ ለአጥንቱ ማስተንፈሻ በምላጭ ተቀዷል፤ ሶሉ በውስጥ በኩል ተበልቶ ተበስቷል። ፊታቸውን አዙረው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት።