ጨለማ የሚቆጥር ቆጣሪ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከሥራው ይበልጥ ያደክመኛል። የምሠራበት መሣሪያ ዓይን የማያየውን ደካማ ብርሃን ፎቶን በፎቶን ይቆጥራል። ፎቶን ማለት የብርሃን ትንሿ ቅንጣት ናት። ይህን ለእናቴ ሦስት ጊዜ አስረዳኋት። እሷም ለሰፈራችን ለአየር ጤና ሰው ሁሉ “ልጄ መብራት ቆጣሪ ላይ ነው የምትሠራው” ብላ አዳረሰችው።

በሳምንቱ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ጎረቤታችን ሰማያዊ ክላሰር ታቅፈው መጡ። የራሳቸው ቆጣሪ የላቸውም፤ መብራታቸው ከእኛ ቤት በሽቦ የተቀጠለ ነው። እኛ ምንም ብለናቸው አናውቅም፤ እሳቸው ግን በአጥር በኩል ሳያስፈቅዱ አንድ አምፖል አያበሩም። ለቆጣሪ ካመለከቱ ዓመታት አልፈዋል።

“ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ አምፖል ለማብራት ጎረቤት ማስፈቀድ አንገቴን አስደፍቶኛል። አንድ ቆጣሪ አስተክዪልኝ።”

“አባባ፣ የኔ ቆጣሪ ሌላ ነው። እኔ ፎቶን ነው የምቆጥረው።”

“ፎቶማ ይኸው” ብለው ከክላሰሩ ሁለት ጉርድ አውጥተው ሰጡኝ።

እልህ ያዘኝ። ላብራቶሪያችን እየታደሰ ስለነበር መሣሪያውን ቤት አምጥቼ፣ የጓሮውን ሰርቪስ ቤት መስኮት በብርድ ልብስ ደፍኜ ነበር የምሠራው። እዚያ አስገባኋቸው።

“የእርስዎ ዓይነቱ ቆጣሪ በጅምላ ነው የሚቆጥረው፤ ይሄ በችርቻሮ” አልኳቸው። አምፖሉን አጠፋሁ፤ መሣሪያውንም ከደንኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ቁጥሩ መጨመሩን ቀጠለ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ብርሃን በሌለበትም ከራሱ ሙቀት የተነሳ እየተሳሳተ ይቆጥራል፤ ያለ ነገር ነው።

አባባ ዓይናቸው በራ። “መብራት ጠፍቶም ይቆጥራል?”

“አዎ፣ ግን…”

“እንግዲያውስ የኛው ነው!”

ከዚህ በኋላ ፊዚክስ ምን ያደርጋል? በማግስቱ ክላሰሩን ይዤ ማመልከቻቸው ወዳለበት ቢሮ ሄድኩ። ሐሳቤ መለመን ነበር። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል “የት ነው የምትሠሪው?” አለችኝ።

“ቆጣሪ ላይ” አልኩ። አልዋሸሁም።

“ውይ፣ የኛ ሰው ነሽ እንዴ! ምነው ቀድመሽ ብትናገሪ?”

ቆጣሪው በአሥረኛው ቀን ተተከለ። ከእኛ ቤት የሚሄደው ሽቦም ተፈታ። አባባ ወንበር አውጥተው በቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትለውን ቀይ መብራት ሲያዩ ዋሉ። ላለፈ ላገደመው ሁሉ “ፎቶ እየቆጠረች ነው” ይላሉ። እኔም ልደብቀው አልችልም፣ ከየትኛውም የላብራቶሪ ውጤቴ በላይ ኮራሁ።

ሲመሻሽ ልብስ ከገመድ ላይ ሳነሳ፣ ከአጥሩ ማዶ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማኋቸው።

“ልጄ?”

“አቤት አባባ።”

“ሳሎኗን ላብራት?”