አጥሩ ላይ የተጻፉት አራት ቃላት

ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ልብስ የሚያስተካክሉ፣ የቻይናውን ካንቶንኛ የሚናገሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ካፖርቴ ሲነጣብኝ ስፌቱን ፈትተው፣ የጨርቁን ውስጥ ወደ ውጭ ገልብጠው መልሰው ሰፉት። ስለብሰው ከአዲስ አይለይም።

«ትዩት ቶይ ዉን ጓት» አሉ ሳቅ ብለው። እንደገና ተወልዶ እስከ አጥንት ድረስ መለወጥ ማለት ነው፤ ጓት አጥንቱ ነው። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ እደግመዋለሁ። መጨረሻው፣ ጓት ላይ፣ ድምፄ ከፍ ማለት ሲገባው ይወርዳል።

«አሁንም አጥንቱን ሰበርከው!» ይሉና ደንበኞቻቸውን ያስቁብኛል።

ከዚያ ሱቃቸው ያለበት ሕንፃ ሊታደስ ነው ተባለ። አልሚው ድርጅት ግንባታውን በሚከልለው የጣውላ አጥር ላይ የሰፈሩ ሰው ስለ ለውጥ በየቋንቋው እንዲጽፍ ጋበዘ። እሳቸውም በትልቅ ብሩሽ እነዚያኑ አራት ቃላት ጻፉ። እድሳቱ ሲያልቅ ወደ ሱቃቸው የሚመለሱ መስሏቸዋል። ለምን አይመስላቸው? የድርጅቱ ተወካይ «ሁላችሁም የአዲሱ ሕንፃ አካል ናችሁ» ሲል እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው እውነቱ የተነገራቸው። በአዲሱ ሕንፃ ለልብስ ስፌት የሚሆን ቦታ የለም።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ፤ አልጮህም። ያን ቀንም አልጮህኩም። ተወካዩ ጋ ደወልኩ።

«ጽሑፉስ?»

«እሱማ ይቆያል፤ ሰዉ ሁሉ ወዶታል።»

«የጻፉትስ?»

«እሱ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው።»

«ጽሑፌ ይነሳልኝ ብለዋል።»

«አሁን እኮ የማኅበረሰቡ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሰው ማስወጣት በዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። የሰውን መልካም ምኞት ተቀብሎ፣ ባለቤቱን አስወጥቶ፣ ምኞቱን ለጌጥ አጥር ላይ መተው ግን ምን ይባላል? እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁለትም።

በማግስቱ ጠዋት አሮጊቷ ነጭ ቀለም ይዘው አጥሩ ጋ መጡ። እኔ ካሜራዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። ክንዳቸው ቀለሙንም ብሩሹንም አልችል ሲል ካሜራውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የቀለሙን ቆርቆሮ ተቀበልኳቸው።

«ከየትኛው ልጀምር?» አሉኝ።

«ከጓት።»

ዞር ብለው አዩኝ። «አሁን ገና አልከው» አሉና አጥንቱን በነጭ አጠፉት።

በዘገባዬ «ጽሑፉን ያጠፉት ራሳቸው የጻፉት ሴት ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ቆርቆሮውን ማን እንደያዘላቸው የጠየቀኝ የለም።