ሹራብ የለበሰው የታክሲ ሹፌር

ባንኮክ በሚያዝያ ሙቀት ትቀቀላለች፤ ሽማግሌው የታክሲ ሹፌር ግን እስከ አንገቱ የተቆለፈ የሱፍ ሹራብ ለብሷል። ተሳፋሪዋ ዋንዲም፣ «ኤሲው ጉድ ቢሆን ነው» ብላ ዘላ ገባች። የሾርባ እንፋሎት የመሰለ አየር ፊቷ ላይ ነፈሰባት።

«አባባ፣ የኤሲው ጋዝ አልቆ ይሆን እንዴ?»

«ጋዝ ሞላሁ፣ ቺንጊያም ቀየርኩ። አኩርፎኝ ነው እንጂ ደህና ነው፣ ልጄ።»

መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን የአበባ ጉንጉን አውርዶ የአየር መውጫው ላይ ሰቀለለትና መዳፎቹን ገጥሞ እጅ ነሳው። የነበረችውም ነፋስ ታፈነች።

«ታዲያ ሹራቡ ለምንድን ነው?»

ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ባለቤቴ ናት የሠራችልኝ። አንቺ ያለሽበት ተቀምጣ ‹በረደኝ፣ ቀንሰው› እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነበር የምትውለው፤ ነፍሷን ይማር።»

ዋንዲ ስትወርድ በሩን ቶሎ ዘጋችው፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣበት።