የእሑድ ጥራጊ

ጋሼ አታክልቲ ሰባን ተሻግረዋል። ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለው ቅያስ፣ ከእኔ ልብስ ስፌት ቤት ጎን ወርቅ ይሠራሉ። እሑድ እሑድ ደግሞ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሥራ ቤታቸውን ከፍተው ከሰሜን ለእንጀራ የመጡ ሰዎችን ልጆች ትግርኛ ያስተምራሉ። የጥበቃው ልጅ፣ የግንበኛው ልጅ፣ የወርቅ ሠሪው ልጅ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ማስተማር ከጀመሩ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አንድ እሑድ አላጓደሉም።

እኔ የወሎ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ እሑድ ሱቄን ስለማልዘጋ ጩኸቱ የሚያርፈው እኔው ላይ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን፣ «ጋሼ፣ ፒያሳ ላይ በትግርኛ ማን ሊቀጥራቸው ነው? እንግሊዝኛ አያስተምሯቸውም?» አልኳቸው።

«አይ ዘነቡ» ብለው ወደ ልጆቹ ተመለሱ። ይህ ከጩኸቱ በላይ አናደደኝ።

ወርቅ ቤት ጥራጊ አይጣልም። የወለሉ አቧራ ወርቅ አለበትና ይቀመጣል፤ ሠራተኛውም ወደ ቤቱ ሲሄድ እጁን ሳፋ ላይ ታጥቦ ነው፣ ጥፍሩ ሥር የቀረችው ብናኝ አብራው እንዳትወጣ። ጋሼ ይህንኑ ሕግ ልጆቹ ላይ አመጡት። ማንም ልጅ በሳምንቱ እናት ወይ አባቱ እሱኑ ሲያናግሩት የሰማውን አንድ የትግርኛ ቃል ሳያስቀምጥ ከበር አይወጣም። ቃሉ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ አንዴ የተጻፈ ቃል ሁለተኛ አይቀበሉም። ባዶውን የመጣ ከሁሉም በኋላ ይወጣል፤ ሦስት እሑድ ባዶውን የመጣ ልጅ ደግሞ ወላጁን ያመጣል፤ ወላጁም ከልጆቹ ጋር አግዳሚ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ጉጠት ልዋስ ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩት። ቀለበት ላይ ስም በሚቀርጹበት እጅ የተጻፈ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ያመጣው ልጅ ስምና የወላጆቹ አገር አለ። ስድስተኛው ደብተር ነበር። እኛ «ካፍ የወጣ አፋፍ» እንላለን፤ እሳቸው ግን ካፍ የወጣውን ለቅመው አስቀምጠውታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጩኸቱ ትንፍሽ አላልኩም።

ባለፈው ክረምት ዊንታ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ መጣች። አባቷ ፍትዊ ማዶ ካለው ወርቅ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። አዲስ አበባ የገባ ሰሞን በአነጋገሩ ስለተሳቀበት፣ ልጁን በአማርኛ ብቻ ነው ያሳደጋት። እናቷ የሸዋ ሰው ናት። ታዲያ ዊንታ ከየት ቃል ታምጣ? ሌሎቹ ሲወጡ እሷ አንገቷን ደፍታ በመጨረሻ ትወጣለች። ለደንብ ልብሷ ስለካት፣ «ትግርኛ ተማሪ» ብሎ የላካት ማን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ማንም» አለች። «አባዬ ከአክስቴ ጋር በስልክ በትግርኛ ሲያወራ ይስቃል። ከእኔ ጋር ስቆ አያውቅም።»

የለካሁትን ረስቼ እንደገና ለካኋት።

ሦስተኛው ባዶ እሑድ አለፈና በአራተኛው ፍትዊ መጣ። አጭሩ አግዳሚ ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ። የስፌት መኪናዬን አቁሜ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ወሬ መውደዴን አልክድም።

«ፍትዊ፣ አንድ ቃል» አሉት ጋሼ።

«ጋሼ፣ ከእሷ ጋር እኮ ትግርኛ አልለመድኩም። ምን ብዬ ልጀምር?»

«እጅህን ሳትታጠብ ከሥራ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ከገዛ ቤትህ ስንት ዓመት ሙሉ ቃሉን ሁሉ ይዘህ እንዴት ወጣህ?»

ፍትዊ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ወደ ልጁ ዞረ።

«ጓለይ» አላት። ልጄ ማለት ነው፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። የቀጠለው ግን አልገባኝም፤ ድምፁ ብቻ እየሞቀ፣ እየፈጠነ ሄደ። ዊንታ እዚያ በተማረችው ሁለት ሦስት ቃል እየተንተባተበች መለሰች። የሆነ ቦታ ላይ ተሳሳተች መሰለኝ፣ ፍትዊ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ አፏን ከፍታ ታየው ጀመር።

የጥበቃው ልጅ ኪሮስ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ጓለይ ተጽፏል። የመጀመሪያው ደብተር፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ።»

እውነቱን ነው፤ ሕግ ሕግ ነው። ጋሼ አታክልቲ መነጽራቸውን አጠለቁና ደብተሩን ገለጡ። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቃል ያልደገሙት ሰውዬ ቀስ ብለው ጻፉት፤ ከጎኑም «ዊንታ ፍትዊ» ብለው አከሉ።

«ከእነ ዊንታ ቤት ገና አልመጣም ነበር» አሉት ኪሮስን።

ያን ቀን ከበሩ መጀመሪያ የወጣችው ዊንታ ናት፤ አባቷ ከኋላዋ እያወራ።