በኩርፊያ ቃሬዛ አይነሣም

ወደ ኮረብታው ውጡ የሚለው ትእዛዝ የደረሰን ከሰዓት በኋላ ነበር። ሠራዊቱ ለኮረብታው ቁጥር ሰጥቶታል፤ እኛ ግን «ጎባጣው» ነበር የምንለው፤ ከሩቅ ሲያዩት ሸክም ያጎበጠው ሽማግሌ ይመስላል። ከሰሜኑ ድንበር ማዶ ነው። ጀግና ነበርኩ ብዬ አላወራችሁም። ቃሬዛ ተሸካሚዎች ነበርን። ሌሎቹ ይተኩሳሉ፣ ይተኮስባቸዋል፤ የወደቀውን እኛ ወጥተን እናወርዳለን።

ይህን የማወራው እናንተ በሆቴሉ የልብስ እጥበት ክፍል ከእኔ ጋር የምትሠሩ ልጆች ስለጠየቃችሁኝ ነው። «አያ ፈንታ፣ ሁለት ሰው በተኳረፈ ቁጥር ለምን የአንሶላውን ጋሪ ታስቆማለህ? ሥራው አይጠብቅም እኮ!» ትሉኛላችሁ። ዘወር ስል ደግሞ «ሽምግልናውን ጀመረ!» እያላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም በእናንተ ዕድሜ በሰው እስቅ ነበር።

አለቃችን ይርጋ ይባላል፤ ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ ነው። ሁለታችንም በልጅነታችን ከጎንደር መጥተን ኔታንያ ከተማ፣ ነቬ ኢታማር ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ አደግን፤ እነሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኛ አንደኛ። ስንጎለምስም እዚሁ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ሆቴል አብረን አንሶላ አጠብን። ለሚሉኢም ሲጠሩን፣ ማለት ሥራችንን ጥለን ስንዘምት፣ እዚያም አንድ ቡድን ውስጥ ነበርን። እሱ ዝምተኛ ነው። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። «አንተን እግዜር የፈጠረህ በርበሬ ሲደለዝ ነው» ይለኝ ነበር።

ይርጋ አንድ ሕግ ነበረው። ሠራዊቱ ያወጣው አይደለም፤ የራሱ ነው። በኩርፊያ ቃሬዛ አይነሣም። አራት ሰው አራቱን ማዕዘን ይይዛል፤ እርምጃው አንድ ካልሆነ ቃሬዛው ይዘማል፣ ዳፋው ለቁስለኛው ይተርፋል። ስለዚህ ከመውጣታችን በፊት እየዞረ አንድ በአንድ ይጠይቀን ነበር፤ «ሆድህ ውስጥ ምን አለ?» በዕብራይስጥም ሲናገር ያው «ሆድህ» ነበር የሚለው። የሕክምና ወታደራችን ዳቪድ መጀመሪያ ቀን ስለ ምሳ የተጠየቀ መስሎት «ቱና» አለ፤ ሳቅን። በኋላ ግን ሁላችንም ለመድነው። የፈራ «ፈርቻለሁ» ይላል። የተቀየመ በማን እንደተቀየመ ይናገራል፣ እዚያው ይታረቃል፣ ማዕዘኑን ይይዛል። መታረቅ ያቃተው ታች ይቀራል፤ ማንም አይሰድበውም። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ቃሬዛ ደግሞ ከማጭድ ይብሳል» ይል ነበር ይርጋ።

በማግሥቱ ሁለት ጊዜ ወጣን። ጎህ ሳይቀድ አንድ፣ ረፋዱ ላይ አንድ። ድንጋዩ ያዳልጣል። ሞርታር ከግራ በኩል ይወድቃል። እንተኛለን፣ እንነሣለን፣ እንሮጣለን። መጀመሪያ ያወረድነው ልጅ እግሩን ተመቶ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ «ከበድኳችሁ፣ አይደል?» እያለ ይቅርታ ይጠይቀናል። «ዝም በል፣ ላባ ነህ» አለው ይርጋ። ልጁ በሬ ያህላል፤ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ሁለተኛው ግን ምንም አልተናገረም። ታች ስንደርስ ዳቪድ አንገቱን ዳሰሰና ፊቱን ሸፈነው።

ይርጋ ወደ እኔ መጣ። «ሆድህ ውስጥ ምን አለ?»

«ተናድጃለሁ።»

«በማን?»

«እንጃ!»

«በእንጃ ከሆነ ቃሬዛውን አይነካም» አለኝና ውሃ ሰጠኝ። ውሃውን ስጠጣ አለቀስኩ። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ሲፈታና ሲያስር ቆየ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና እንድንወጣ ታዘዝን። ስልካችን ገና ስንመጣ ተሰብስቧል። ይርጋን ብቻ ወደ መቶ አለቃችን ወደ ጊል ድንኳን ጠሩት። ቆይቶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። እንደ ልማዱ እየዞረ ሁሉንም ጠየቀ። እኔን ዘለለኝ። ከዚያ ሁሉም እየሰማ በዕብራይስጥ፣ «ፈንታ፣ ዛሬ አትወጣም። እጅህ ይንቀጠቀጣል። በውሃ መኪናው ወደ ቤትህ ትመለሳለህ» አለኝ።

እጄን አየሁት። ቀጥ ብሏል። ደሜ ፈላ። «የማንን እጅ ነው የምትለው?» አልኩት በአማርኛ።

«ያንተን።»

«ኧረ ባክህ! ሆዴ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ አልጠየቅከኝም።»

«ዛሬ አልጠይቅህም» አለኝ።

ዳቪድና ሌሎቹ አጎንብሰው ዕቃቸውን ይነካካሉ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ያደገ ሰው በጓዶችህ ፊት ፈሪ ሲያደርግህ! ይርጋ ከራሱ ቦርሳ ዳቦና ቱና አውጥቶ ሰጠኝ።

«ብላ።»

«አልበላም።»

«ሳትበላ መኪናው አይነሣም።»

እንደ ሕፃን ልጅ ከራሴ በላይ ቆሞ አስበላኝ። ጥርሴን ነክሼ በላሁ። ስጨርስ ቆርቆሮውን እግሩ ሥር ወረወርኩት። «ከዛሬ ወዲያ ሰላም እንዳትለኝ!» አልኩት።

ይርጋ ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮውን አነሣ። «እሺ» አለኝ። «መንገድ ላይ ተሸፋፈን፤ ይበርዳል።»

ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይህ ነው።

ሾፌሩ የማላውቀው ሰው ነበር፤ ወሬኛ። ስለ ኳስ፣ ስለ አማቱ፣ ስለ ቤት ኪራይ ይለፈልፋል። ዝም ብል አይተወኝም፤ ዓይኔን ስጨፍን ይጠራኛል። ኔታንያ ስንገባ ሊነጋጋ ነው። «እዚሁ አውርደኝ፣ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» ብለው እምቢ አለ። ሕንፃችን ድረስ አመጣኝ፣ ደረጃውንም አብሮኝ ወጣ። «ሃምሳ አለቃህ በር ድረስ ብሎኛል» አለ።

በሩ ክፍት ነበር። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ቄሱ አሉ። አጎቴ አሉ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። በአገራችን እንዲህ ተቀምጠው ያገኛቸው ሰው ቃል አያስፈልገውም።

«ልጄ» አሉኝ አጎቴ፣ «አባትህ ትናንት ዐረፉ።»

ወለሉ ላይ ወደቅኩ። አልደብቃችሁም፣ ራሴን ከወለሉ ጋር ላጋጭ ስል አራት ሽማግሌ ነው የያዘኝ። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው፣ ሆዱ ባዶ ለሆነ ሰው የማይነገረው ለዚህ ነው።

ልቤ መለስ ሲል አጎቴ «ይርጋን አደራ ብለነው ነበር» አሉ። «በአለቃችሁ ስልክ ደውዬ ‹በልቷል?› ብለው ‹በልቷል› አለኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ዳቦው ገባኝ፤ ወሬኛው ሾፌርም ገባኝ። ይርጋ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሂድ» ቢለኝ ኖሮ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ አውቅ ነበር። ከእኛ ውስጥ በዚያ ቃል ተጠርቶ ሕያው አባት ያገኘ ማን አለ? እና ሞት ሞት የማይሸት ውሸት መፈለግ ነበረበት። የናቀኝ መስሎ መታየትን መረጠ። ሌሊቱን ሙሉ ስጠላው እንዳድር ፈቀደ፣ እንዳልሰበርበት ብሎ።

አባቴን ቀትር ላይ ቀበርናቸው። ሺቫ፣ ማለት የሰባት ቀን ለቅሶ፣ ተቀመጥኩ። የይርጋ እናት እማማ ያልጋነሽ ከሦስተኛ ፎቅ ምስር ሠርተው ይዘውልን ወረዱ፤ ለለቅሶተኛው ሁሉ ሲያቀርቡ፣ ሲያነሡ ዋሉ። እኔ ይርጋን በሐሳቤ እያዋራሁ ነበር። ስልኩ ዝግ ነው። ለቅሶተኛ በሰባቱ ቀን ከቤት አይወጣም። «ሰባቱ ሲያልቅ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅር በለኝ እለዋለሁ፤ ይስቅብኛል፤ ስለ በርበሬው ይነግረኛል» አልኩ በልቤ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አጎቴ ለጸሎት የሚመጡትን ሰዎች ሊቀበሉ ወረዱ። መኪና ማቆሚያው ላይ መቶ አለቃ ጊልን አገኙት። ሳይነጋ በር አላንኳኳም ብሎ እዚያው መኪናው ውስጥ አድሮ ኖሯል። ሽማግሎቹ ሲሰበሰቡ አብሯቸው ገባ። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጫማው ላይ የጎባጣው አፈር ነበር። ዓይኔን አላየኝም።

«በልተሃል?» አለኝ በዕብራይስጥ።

ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። አልጮህኩም፤ ድምፄን ለአባቴ ጨርሼው ነበር። ከዚያ ከላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ የእማማ ያልጋነሽ ጩኸት በደረጃው ወረደ። መርዶ ነጋሪዎቹ መኮንኖች ከአጎቴና ከቄሱ ጋር በዚያው ሰዓት ወደ እሳቸው ወጥተው ነበር። አንድ ቀን ሙሉ እኛን ሲያበሉ የዋሉት ልጃቸው ኮረብታው ላይ ተጋድሞ ነው። ተኩሱ ስለበረታ እስከ ማታ ሊያወርዱት አልቻሉም።

ጊል ቀስ ብሎ ነገረኝ። እኔ ስጎድል ማዕዘኔ ባዶ ቀረ። የፊት ቀኝ። አለቃ ማዕዘን አይዝም፤ መንገድ ይመራል። ይርጋ ግን ሌላ ሰው አልጠበቀም፤ ራሱ ያዘው። ከመሸ ወጡ። ቁስለኛውን አገኙት። ሲወርዱ ሞርታሩ ከፊታቸው ወደቀ። የፊተኞቹ ሁለቱ፣ ይርጋና ዳቪድ፣ እዚያው ቀሩ። ቁስለኛውም አልተረፈም። የኋለኞቹ ሁለቱ ቆስለው ዳኑ።

«እኔ በቀጥታ ንገረው ብዬው ነበር» አለኝ ጊል። «‹እኛ ጋ ለሰው መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም› አለኝ። አልገባኝም ነበር። ሌሊት ወደዚህ ስመጣ ነው የገባኝ።» ከዚያ ጠመንጃ የለመደ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ አለቀሰ። አጎቴ ሲመለሱ ጋቢያቸውን አለበሱት።

ወደ ይርጋ ቀብር አልሄድኩም፤ ለቅሶተኛ ነኛ። ሰዉ ደረጃውን ሲወርድ፣ ተመልሶ ሲወጣ ከበሩ ጀርባ ሰማሁ። አንድ ሕንፃ፣ ሁለት ሺቫ። በአንድ ደረጃ የሚወጣው እንጀራ ለሁለት ይከፈል ነበር።

ሰባቱ ሲያልቅ ከግቢው አጥር ሥር ድንጋይ አነሣሁና በማጅራቴ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። የጎረቤት ልጆች ያዩኝ ነበር። ይዩኝ። እማማ ያልጋነሽ ገና ሰባታቸውን አልጨረሱም፤ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ደጃፉ ላይ ተንበረከክሁ።

«ምነው ልጄ? አንተ ደግሞ ምን አደረግከኝ?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቆርቆሮውን፣ ሰላም አትበለኝ ማለቴን፣ ማዕዘኔን። «ሁላችንንም ሆድህ ውስጥ ምን አለ እያለ ሲጠይቀን ኖረ» አልኳቸው። «ያን ቀን ፊቱ ጠቁሮ እያየሁት ‹አንተስ ምን ሆነሃል?› አላልኩትም። ልጅዎ በእኔ ኩርፊያ ሞተ።»

እማማ ተነሡ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከማጅራቴ ላይ አወረዱት።

«ከመውጣቱ በፊት በአለቃው ስልክ ደውሎልኝ ነበር» አሉ። «‹እማዬ፣ የፈንታን አባት ሰምተሻል። እኔ ዛሬ ፈንታን አስቀይሜዋለሁ። አሁን እንዳትነግሪው፤ ለቅሶው ይበቃዋል። ሰባቱን ሲጨርስ ግን ያን ጊዜ ንገሪው› አለኝ። እኔም አልነገርኩህ፤ አደራ ነው ብዬ። ዛሬ ጨረስክ አይደል?»

«ዛሬ ጨረስኩ።»

«‹ሆዴ ውስጥ ምንም የለም በይው› ነው ያለኝ።»

ሌላ የምላችሁ የለኝም። ከቡድናችን ሁለት ሞቱ፤ ቃሬዛው ላይ ከነበረው ልጅ ጋር ሦስት። እኔ ስቆጥር አባቴን ጨምሬ አራት እላለሁ፤ ለእኔ በአንድ ለቅሶ ውስጥ ናቸውና። ንዴት ክፉ ነው አልላችሁም፤ ይኸው እኔ ዛሬም ቁጡ ነኝ። ባልደረባችሁ ፊቱን ያጠቆረባችሁ ቀን ግን ጋሪውን አቁሙና ጠይቁት። ቶሎ ካልመለሰላችሁ ትንሽ ቆማችሁ ጠብቁት። አንሶላው ቢዘገይ ለአለቆች እኔ እነግራቸዋለሁ።