ዘጠኝ ዓመት የዘመርናት ነጥብ

ረቡዕ፣ ከእስቴ

ዶሮ ሳይጮህ ተነሣን ብዬ አልዋሽም፤ ጮኾ ደክሞት ነበር። ጎሕ ሲቀድ እኔ፣ አብሮ አደጌ መሪጌታ ጥሩነህና በቅሎዬ ከእስቴ ወጣን። በቅሎዬ ከመክሳቷ የተነሣ ፀሐይ ስትወጣ እንኳ ጥላ አልነበራትም። የተጫነችው ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓመቱን ዜማ ሁሉ የያዘውን፣ ጥሩነህ በገዛ እጁ ብራና ላይ የጻፈውን ድጓ ነው።

ጥሩነህ በደብራችን ዘጠኝ ዓመት ድጓ አስተምሯል። ጋይንት ወዳለው የድጓ ምስክር ቤት፣ ወደ ቤተ ልሔም፣ ሄዶ ግን አላስመሰከረም። ድጓን የትም ይማሩት የት፣ መምህር የሚያሰኘው የቤተ ልሔም ምስክር ነው። ዘንድሮ የደብሩ አለቃ ቁርጡን ነገሩት፤ ምስክር ይዞ ካልመጣ ለልደት ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል። ስድስት ልጆች አሉት፤ ከዜማ በቀር ሥራ አያውቅም። ሲያርስ አይቼዋለሁ፤ በሬዎቹ ያፍሩለታል።

ሐሙስ፣ ወገዳ

መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ያልሆነው ቦታ ገደል ነው። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ወዴት እንደምንሄድ ይጠይቁናል፤ ለፈተና ነው ስላቸው ሽበታችንን አይተው ይስቃሉ።

ወገዳ የገባነው ደብተራ ካሳ ቤት ነው። የጥሩነህ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ የራሱ ሰባት ተማሪዎች አሉት። የባቄላ ወጥ በገብስ እንጀራ አበላንና ተማሪዎቹን የልደትን ዋዜማ አስባላቸው። አንዲት ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ረዘም አድርገው ያዙት። ጥሩነህ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ይህቺ የእኔ እጅ ናት አለኝ።

ዓርብ፣ አርብ ገበያ

አርብ ገበያን በዓርብ ማግኘት ዕድል ነው። ከሰው አህያ ይበዛል፤ ከሁለቱም አቧራው ይበዛል። ለፈታኙ እጅ መንሻ ይሆናል ብዬ አንድ ቅል ማር መጠየቅ ጀመርኩ። ጨው የሚሸጠው ሙስሊም ነጋዴ ሰማኝና፣ “ጋሼ፣ ለራስዎ ከሆነ ይግዙ። እዚያ እንደሆነ ማሩንም ሰውዬውንም ነው የሚመልሱት” አለኝ። ማሩን ተውኩት።

ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ፣ ቤተ ልሔም

ተማሪው ከዛፉ ቅጠል ይበዛል። ሁሉም በየጎጆው ደጅ ያዜማል፤ በቅሎዬ እንኳ በዜማ ማናፋት ጀምራ ነበር።

ጥሩነህ ሰኞ ጠዋት ፈታኙ የኔታ ፊት ተቀመጠ። የኔታ መጽሐፍ አይዙም፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው ያለው። ሁለት ቀን አንዲት ነገር ሳይሉ ሰሙት። ረቡዕ ዕለት የልደት ዋዜማ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

“ድገማት።”

ደገማት።

“መጽሐፍህ እንዲህ ይላል?”

“ይላል፣ የኔታ።”

መጽሐፉን ተቀብለው ወደ ፀሐዩ አዞሩት። ከፊደሏ ራስ ላይ ይዘት አለች፤ ድምፅን እዚህ ላይ ያዝ የምትል ነጥብ። የኔታ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጓት። ነጥቧ ተፈርፍራ ወደቀች።

“ይህቺን የጻፍካት አንተ አይደለህም። ዝንብ ናት።”

ሳቅሁ። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የኔታ ስንት ሰው እንዳስተማረ ጠየቁት። ጥሩነህ በጣቱ ቆጠረ፤ ጣቱ አልበቃውም። ያስተማራቸውን አቅንቶ እንዲመለስ፣ ያኔ እንደሚመሰክሩለት ነገሩት። ልደት ደርሶብኛል፣ ልጆች አሉኝ፣ ደግሞም አንዲት ነጥብ ብቻ ናት ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። አነሡት።

“ዛሬ ይህቺን ባልፋት፣ ነገ የማን ዝንብ እንደሚዘመር በምን አውቃለሁ ልጄ?”

ቅዳሜ፣ እንደገና ወገዳ

በመንገድ ላይ አንድ ምክር ሰጠሁት፤ ተመስክሮልኛል በል፣ ማን ጋይንት ድረስ ሄዶ ይጠይቃል አልኩት። እስከ ወገዳ አላናገረኝም።

ካሳ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም።

“የኔታ፣ ያችን ቦታ ስዘላት በኩርኩም ሲሉኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?”

“ነኝ።”

“ሦስት ጊዜ።”

“አራት ነው” አለ ጥሩነህ። ከዚያ ከሰባቱ ተማሪዎች መካከል መሬት ላይ ተቀመጠና፣ ቀኑን ሙሉ ያችን ቦታ ሳይዝ አብሯቸው አዜመ።

ሰኞ፣ እስቴ

አለቃ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠበቁን። ምስክሩን አምጣ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጥሩነህ በዚያ እጅ ላይ መጽሐፉን አኖረና አንድ ሳያስቀር ነገራቸው።

አለቃ በየልደቱ እዚያች ቦታ ላይ እንደሚያለቅሱ ደብሩ ሁሉ ያውቃል።

“እኔን ሲያስለቅሰኝ የኖረው ዝንብ ነው?” አሉ።

መጽሐፉን ለጥሩነህ መለሱለት። “እስቲ ያለ ዝንቡ አሰማኝ” አሉት። ጥሩነህ አዜመ። ቦታዋ ላይ ሲደርስ ሳይዝ አለፈ። አለቃ ዐይናቸው ደረቅ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

“ያኛው ይጣፍጥ ነበር” አሉ። “በል ልጆቹን ሰብስብና አቅና፤ ከዚያ ሄደህ አስመስክር። እስከዚያ ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም።”

ወደ እኔ ዞሩ።

“አንተ ደግሞ በቅሎዋን ቀልባት። ተመላሽ ናት።”